እውነት ወይስ ተረት? ያረጀ ፎር ባይ ፎር ሊፍት ሲደረግለት

በአዲስ አበባ፣ ከጎፋ እስከ ላፍቶ፣ ከመካኒሳ እስከ ሳሪስ በተበተኑት ጋራዦች በየጊዜው የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «ይህን መኪና ትንሽ ከፍ ብናደርገውስ?» የሚጠየቅለት መኪና አዲስ አይደለም። ከእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጣ 78 ሃርድቶፕ፣ አባት ለልጅ ያወረሰው 75 ላንድክሩዘር፣ ባለ ባሌስትራ ሃይለክስ፣ ዲፌንደር ወይም ቪታራ ነው። ባለቤቱ ወይ እንግዳ ይዞ ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል፣ ወይ ከከተማ ውጭ የሚመላለስበት እርሻ አለው፣ ወይ ደግሞ ቁመናው እንዲያምርለት ይፈልጋል። ሦስቱም የሚከበሩ ምክንያቶች ናቸው።

እነዚህ መኪኖች ዛሬም በመንገድ ላይ የበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በእጅ ያለ ናፍጣ ፎር ባይ ፎር በቀላሉ የሚተካ ዕቃ መሆኑ ቀረ። ስለዚህ በላዩ ላይ የሚሠራ ስህተት እንደ ቀድሞው «ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» ተብሎ አይታለፍም።

እኔ አጥብቄ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው። ሊፍት ይደረግላቸው ከሚባሉት አሮጌ መኪኖች ብዙዎቹ የጎደላቸው ተጨማሪ ከፍታ አይደለም፤ በዕድሜ ያጡት የራሳቸው ቁመት ነው። ይህን ሳይለዩ ብር ማውጣት ገንዘብንም መኪናንም ይጎዳል። እስኪ ስለዚህ ሥራ የሚባለውን አንድ በአንድ እንመርምር።

«መኪናው ከመጀመሪያውም ዝቅ ያለ ነው»

ብዙ ጊዜ ተረት ነው። ሞላም ባሌስትራም ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ለሃያና ሠላሳ ዓመት ሸክም ሲፈራረቅበት ይዝላል። የባሌስትራው ቅስት ይለጠጣል፣ ሞላው ያጥራል። ባለቤቱ በየቀኑ ስለሚያየው ለውጡ አይታወቀውም፤ መኪናው ሲፈጠር እንዲህ የነበረ ይመስለዋል።

እውነቱን ለማወቅ ሜትር ብቻ ይበቃል። መኪናውን ሜዳ በሆነ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙት፤ የጎማዎቹ ነፋስ ትክክል ይሁን፤ የተጫነውን ዕቃ ያውርዱ። ከዚያ ከሞዞው መሃል ተነሥተው ቀጥ ብሎ በላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ድረስ አራቱንም ጎማ ይለኩ። ከመሬት አይለኩ፤ የጎማው ዓይነትና መበላት ልኩን ያዛባዋል። ቀጥሎ ተመሳሳይ ሞዴል ከሆነና ሞላው ካልተነካ መኪና ጋር ያስተያዩ። ግራና ቀኙ ከተለያየ፣ በተለይ በሹፌሩ በኩል ዝቅ ካለ፣ የደከመ ሞላ አለ ማለት ነው።

ከፋብሪካው ቁመት 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ለተገኘ መኪና የመጀመሪያው መድኃኒት በትክክለኛው ልክ የተሠራ አዲስ ሞላ ወይም ባሌስትራ፣ ከአዲስ ቦኮላና አሞርዛተር ጋር ነው። ይህ ሲደረግ መኪናው ከፍ ይላል፣ አነዳዱም ይስተካከላል፤ የፍሬኑም ሆነ የመሪው ማዕዘን ፋብሪካው ወዳሰበለት ቦታ ይመለሳል። ሊፍት ሊያደርጉ መጥተው በዚህ ብቻ ረክተው የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ እንዲበዙ እመኛለሁ።

የተገላቢጦሹም አለ። ከእርዳታ ድርጅት የወጡ አንዳንድ ሃርድቶፖች ገና ሲገዙ ለከባድ ጭነት የሚሆን ባሌስትራ የተገጠመላቸው ናቸው። ባዶ ሲሆኑ ከኋላ ቀና ብለው ይቆማሉ፣ በኮብልስቶን ላይም ይዘላሉ። እንዲህ ዓይነቱን መኪና ይበልጥ ከፍ ማድረግ ችግሩን ማባባስ ነው።

«ሊፍት ከተደረገ ሆዱ ድንጋይ አይነካም»

ግማሽ እውነት ነው፤ የተሳሳተው ግማሽ ደግሞ ብዙ ያስወጣል። በ75፣ በ78፣ በ80 ላንድክሩዘርም ሆነ በዲፌንደር የፊቱም የኋላውም ዲፈረንሻል ግራና ቀኝ ጎማን በሚያያይዘው ደንዳና አክስል ውስጥ ነው የተቀመጠው። አክስሉ ደግሞ የቆመው በጎማው ላይ እንጂ በሞላው ላይ አይደለም። ሞላው ሲረዝም የሚነሣው ሻንሲውና ቦዲው ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከነበረበት አንድ ሚሊ ሜትር አይነሣም። በመንገዱ መካከል ያለች ሹል ድንጋይ ሊፍት የተደረገለትንም ያልተደረገለትንም መኪና ዲፈረንሻል እኩል ትመታለች።

ዲፈረንሻልን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በግማሽ። ሂሳቡ ቀላል ነው። 265/75 በ16 ጎማ ከዳር እስከ ዳር 80.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 285/75 በ16 ቢቀየር 83.4 ይሆናል። ልዩነቱ 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አክስሉ በጎማው መሃል ስለሆነ የሚነሣው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል የፍጥነት መለኪያው 80 ሲል መኪናው በትክክል የሚሄደው 83 ይሆናል፤ ሞተሩም ከበፊቱ የረዘመ ማርሽ እንደተሰጠው ሆኖ ይሠራል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሌላው አገር ይበልጥ ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ሞተር የሚስበው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል። በአሮጌዎቹ ላንድክሩዘሮች ላይ የበዛው ባለ 4.2 ሊትሩ ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ቱርቦ የለውም፤ የጎደለውን አየር የሚያሟላበት መንገድ የለውም። በዚህ ላይ የገዘፈና የከበደ ጎማ ሲጨመር ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ ይበዛል፣ ፍሬኑም የሚያቆመው ክብደት ይጨምራል። በባሌ ተራሮች የሳነቴን አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ለማቋረጥ ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብ።

እውነት የሆነው ግማሽ ግን አይካድ። ሻንሲው ከፍ ሲል የፊት መከላከያው ዳገት ጫፍ ሳይነካ የሚገባበት ማዕዘን ይሰፋል፤ ከቦይ ሲወጣ ኋላው አይጎተትም፤ ጉብታ ላይ ሲወጣ ሆዱ አይቀመጥም። ጎማውም ሲታጠፍ ለመንቀሳቀስ ሰፋ ያለ ቦታ ያገኛል። ወደ ኤርታ አሌ በሚያደርሰው የቀዘቀዘ ገሞራ ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ዲፈረንሻሉን የሚያድነው ግን የሹፌሩ ዓይን ነው፤ ድንጋዩን በመሃል ከማሳለፍ ጎማውን በላዩ ማስወጣት ነው ሙያው።

ቪታራና ከእሱ ጋር የሚመሳሰሉት መኪኖች የተለዩ ናቸው። የፊት ዲፈረንሻላቸው ከሻንሲው ጋር የታሰረ ስለሆነ በሊፍት አብሮ ይነሣል። ግን ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ የሚሄዱት አጫጭር ዘንጎች ማዕዘናቸው ይጨምራል፤ መገጣጠሚያቸውን የሚሸፍነው ላስቲክም ቶሎ ይቀደዳል። አንዴ አቧራና ጭቃ ከገባ መገጣጠሚያው ብዙ አይቆይም። ለእነዚህ መኪኖች 4 ሴንቲ ሜትር ላይ መቆም ብልህነት ነው።

«አንድ የባሌስትራ ብረት ጨምርበት፣ ይበቃዋል»

ከሁሉም የተለመደው፣ ከሁሉም ርካሹ፣ እንደ እኔ እምነት ከሁሉም ይበልጥ መኪና የሚጎዳው ይህ ነው። ከጭነት መኪና ባሌስትራ አንድ ወፍራም ብረት ይወጣል፣ በልክ ይቆረጣል፣ በነባሮቹ መካከል ይገባል። መኪናው በዚያው ቀን ከፍ ይላል። ደንበኛው ይደሰታል።

ችግሩ የሚጀምረው ከውፍረቱ ነው። የአንድ ዝርግ ብረት ግትርነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው የሚያድገው። 7 ሚሊ ሜትር በሆኑ ብረቶች መካከል አንድ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ማስገባት፣ ስፋትና ርዝመታቸው ተመሳሳይ ከሆነ፣ ወደ ሦስት የሚጠጉ ብረቶችን እንደ መጨመር ነው። «አንድ ጨመርኩ» ያለው ሰው ሳያውቀው ሦስት ጨምሯል።

ግትር ባሌስትራ ምን ያደርጋል? ጎማው ጉድጓድ ውስጥ መውረድ ሲገባው አይወርድም፤ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ተንጠልጥሎ የቀረ ጎማ አይገፋም፣ አያቆምም፣ አይታጠፍም። ለገጠር መንገድ ተብሎ የተሠራው ሥራ መኪናውን ለገጠር መንገድ የማይሆን ያደርገዋል። ባሌስትራው መዋጥ የነበረበት ምት ወደ ሻንሲው ያልፋል፤ ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት ቦታ፣ በተለይ ዝገት ባለበት፣ ስንጥቅ ይጀምራል። በየሰፈሩ ኮብልስቶን የተነጠፈበት ከተማ ውስጥ የሚነዳ መኪና ይህን ምት የሚቀበለው በጉዞ ቀን ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ ነው። የሹፌሩ ወገብም እንዲሁ።

«ታዲያ ነባሩን ባሌስትራ ብናስጎብጠውስ?» የሚል ጥያቄ ቀጥሎ ይመጣል። የባሌስትራ ብረት ከፋብሪካ ሲወጣ በከፍተኛ ሙቀት ግሎ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ እንደገና በልኩ ሞቆ ነው ጥንካሬውንና መለጠጡን ያገኘው። በከሰል አግሎ ቅርጹን ቀይሮ በአየር እንዲቀዘቅዝ መተው ያንን ሁሉ ሥራ ማጥፋት ነው፤ ብረቱ ለጊዜው ቀስት ይመስላል፣ ጭነት ሲያገኝ ግን መልሶ ይለጠጣል። ሳያግሉ በመዶሻ ወይም በፕሬስ ማጎበጥ ከዚህ ይሻላል፤ ጥሩ ባለሙያ ከሠራው ጥቂት ጊዜ ያገለግላል። የዛለውን ብረት ግን አዲስ አያደርገውም።

ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን ተንቀሳቃሽ ማያያዣ በረጅም መቀየርም አንዱ አቋራጭ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይታወቅ። ማያያዣው በ5 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም መኪናው የሚነሣው በግማሹ፣ በ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም ጋር አክስሉ በትንሹ ይዞራል፤ ፊት ላይ ከሆነ የመሪው ጠባይ ይቀየራል።

በአክስልና በባሌስትራ መካከል የሚገባው የብረት ጉማጅ ኋላ ላይ፣ አንድ ወጥ ሆኖ በልኩ ከተሠራና በአዲስ ረጃጅም ማሰሪያ ቡሎኖች ከታሰረ፣ ተቀባይነት አለው። ሁለት ጉማጅ መደራረብ ግን አይገባም። ፊት ላይ ደግሞ አንዱም አይገባም። የፊት አክስል መሪ የሚያዝበትና አብዛኛው የፍሬን ኃይል የሚያርፍበት ነው፤ ከባሌስትራው ተነጥሎ በጉማጅ ላይ የቆመ አክስል ድንገት ፍሬን ሲያዝ ለመጠምዘዝ ይፈልጋል። በዚህ ነጥብ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

«ሞላ ሥር ስፔሰር ማስገባት ማጭበርበር ነው»

ይህኛው ተረት በሌላ አቅጣጫ የተጋነነ ነው። በቶርኖ ቤት በልኩ የተቆረጠ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር የሆነ ስፔሰር የሞላውን ግትርነት አይቀይርም፤ መኪናው ጤነኛ ሞላ ካለው በነበረበት ልስላሴ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ስፔሰር ጥፋት የሚሆነው የዛለ ሞላ ሥር ሲገባ፣ ወይም ከአሮጌ ጎማና ከእንጨት ተቀርጾ ሲሠራ ነው። እንጨት ይሰነጠቃል፣ ጎማም ይጨመቃል፤ ሞላው ከመቀመጫው ከወጣ መዘዙ ከባድ ነው።

«የሚነካው ሞላና አሞርዛተር ብቻ ነው»

ሰው የሚሞትበት ተረት ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ሻንሲው ከአክስሉ ሲርቅ ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ሁሉ ይሳባል። መጀመሪያ የሚሳበው የፍሬን ቱቦው ነው። መኪናው ቆሞ ሲታይ ቱቦው የበቃ ይመስላል። አንድ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ግን ይወጠራል፤ ደጋግሞ የተወጠረ አሮጌ ቱቦ ደግሞ ይሰነጠቃል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሻንሲውን በክሪክ አንሥቶ፣ በጠንካራ ብረት መቆሚያ ላይ አስቀምጦ፣ ጎማዎቹ ሙሉ በሙሉ እንዲንጠለጠሉ ማድረግ። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ እያዞሩ ቱቦዎቹን በእጅ መንካት። የተወጠረ ካለ ረጅም ቱቦ ይገዛል፤ ሌላ ብልሃት የለውም። አሞርዛተሩም በዚሁ ይታያል። ጎማው ወርዶ ሳይጨርስ አሞርዛተሩ ከጨረሰ፣ የመኪናውን አክስል አንጠልጥሎ የያዘው አሞርዛተሩ ነው ማለት ነው፤ ለዚያ አልተሠራምና አንድ ቀን ከማሰሪያው ይገነጠላል።

ሁለተኛውን ብዙ መካኒኮች ራሳቸው ይዘነጉታል። በብዙ ሃይለክስና ላንድክሩዘሮች ላይ ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲ በሚሄድ ቀጭን ዘንግ የሚሠራ የፍሬን ማመጣጠኛ ቫልቭ አለ። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፤ ቫልቩም «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ የፍሬን ግፊት ይሰጣል። ባዶ ሲሆን ሻንሲው ይርቃል፣ ግፊቱም ይቀነሳል። መኪናውን በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደረገ ሰው ቫልቩን ለዘለዓለም «ይህ መኪና ባዶ ነው» ብሎ አሳምኖታል። ሰባት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ የኋላው ፍሬን ድርሻውን አይሠራም፤ የፊቱ ብቻውን ይሸከማል፣ ይግላል። መፍትሔው የዘንጉን ማሰሪያ በተነሣው ልክ ከፍ ማድረግ ነው። ትንሽ ሥራ ነው፤ የሚያስቀረው አደጋ ግን ትልቅ ነው።

ሦስተኛው የመሪ ጉዳይ ነው። የፊት ጎማ የሚታጠፍበት ምሰሶ ከላይ ወደ ኋላ ትንሽ ያዘነብላል፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ የሚመለሰው፣ መኪናውም ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። በ80 ላንድክሩዘር ፋብሪካው የሰጠው ዝንባሌ 3 ዲግሪ ገደማ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ሊፍት ከዚያ ላይ 2 ዲግሪ ያህል ሊወስድ ይችላል። ሹፌሩ የሚያውቀው ቀለበት መንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ነው፤ መኪናው ይዋልላል፣ መሪውን ያለማቋረጥ ማረም ይጠይቃል። ለዚህ ተብሎ ቀዳዳው ከመሃሉ ፈንጠር ያለ ልዩ ቦኮላ ይሠራል፤ ሊፍት ሲገባ አብሮ መግባት አለበት። አክስሉን ከጎን ወደ ሻንሲው የሚይዘው አግዳሚ ዘንግም ሻንሲው ሲነሣ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ መሪው ቀጥ ሲል ጎማው ቀጥ የማይልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኃይል ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚያደርሰው ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ ክሮቸራ አለው። የሁለቱ ጫፎች ማዕዘን ተመጣጣኝ ሲሆን አንዱ የሚፈጥረውን ያልተስተካከለ አዟዟር ሌላው ያጠፋዋል። ሊፍቱ ሚዛኑን ካዛባው በተወሰነ ፍጥነት ላይ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ ክሮቸራውም ቶሎ ይበላል።

የፊት መብራትም አለ። አፍንጫው ከፍ ያለ መኪና መብራቱን ከፊቱ በሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ያበራል። በሁለት ቡሎን የሚስተካከል ነገር ነው፤ ሳይስተካከል ወደ ቡታጅራ መንገድ በማታ የሚወጣ ሰው ግን ሌላውን እያሳወረ ነው የሚሄደው።

«ጎማው ሰፊ ስለሆነ አይገለበጥም»

ተረት ነው፤ ቁጥሩን ማየት ይበቃል። የአንድ መኪና ለመገልበጥ ያለው ዝንባሌ በዋናነት በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በግራና ቀኝ ጎማ መካከል ባለው ስፋትና በክብደቱ ማዕከል ከፍታ። ለምሳሌ ያህል የጎማዎቹ ርቀት 145 ሴንቲ ሜትር፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር የሆነ መኪና እንውሰድ። በስሌት ደረጃ ወደ ጎን 44 ዲግሪ ሲያዘነብል ሚዛኑን ይስታል። ሊፍት ተደርጎለት የክብደቱ ማዕከል በ4 ሴንቲ ሜትር ቢነሣ 42 ዲግሪ ተኩል ላይ ይስታል። አንድ ተኩል ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ሞላው የማይታጠፍ፣ መኪናውም የቆመ ነው ተብሎ የተሰላ ነው፤ በመታጠፊያ ላይ ቦዲው ወደ ውጭ ሲያጋድል እውነተኛው ቁጥር ይበልጥ ይወርዳል።

በዚህ ላይ የጣሪያው ፖርቶ መጋላ ላይ ጀሪካን፣ ሁለት መለዋወጫ ጎማና ድንኳን ይጫናል። ሊፍት ያደረገ ሰው ከሁሉ በፊት መተው ያለበት ይህንን ነው፤ ከባዱ ዕቃ ውስጥ፣ ወለል ላይ፣ ወደ መሃል ይቀመጥ። ስለዚህ ነው ለአሮጌ መኪና 5 ሴንቲ ሜትር ድንበሩ ይሁን የምለው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ከላይ የተዘረዘሩትን ሁሉ በልዩ ዕቃ መቀየር ይጠይቃል፤ ለዕለት ሥራ የሚነዳ መኪና ደግሞ የዚያን ያህል ከፍታ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

«በክረምት ጎርፍ ያሻግራል»

አያሻግርም። የውኃ ጥልቀት ወሰን የሚለካው ሞተሩ አየር በሚስብበት አፍ ነው፤ ሊፍት ያንን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢያደርገውም፣ የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ አክስሉ ላይ እስካለ ድረስ የጋለ ዲፈረንሻል በቀዝቃዛ ውኃ ሲነከር ውኃ ይስባል። መተንፈሻውን በቱቦ ወደ ላይ ማውጣት ከሊፍት ይልቅ ይጠቅማል። ከሁሉ በላይ ግን የሚፈስ ውኃ የቆመ ውኃ አይደለም። 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ጎርፍ ከባድ የሚባለውን መኪና እንኳ አንሥቶ ሊወስድ ይችላል። በሐምሌና ነሐሴ ትንሹ አቃቂ ሲሞላ መኪና በማንኛውም ቁመት ቢሆን ከዳር መቆም አለበት።

«የውጭ ኪት ከተገዛ አያሳስብም»

የአውስትራሊያዎቹ ኤአርቢና ዶቢንሰንስን የመሰሉ አምራቾች ሥራቸውን በሚገባ ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ለአንድ መኪና አንድ ሞላ ብቻ አይሠሩም፤ ለባዶ፣ ለመካከለኛ ጭነትና ለከባድ ጭነት የተለያየ ሞላ ነው የሚያቀርቡት። ለከባድ ጭነት የተሠራውን ገዝቶ ባዶ መኪና ላይ የገጠመ ሰው መኪናው ከታሰበው በላይ ይነሣል፣ ይደርቃል፤ በመጨረሻም ዕቃውን ይረግማል። ከመግዛት በፊት መኪናው ዘወትር የሚጭነውን በኪሎ መገመት ያስፈልጋል። የፊት ብረት መከላከያና ዊንች ካለ እሱም ይቆጠር። በጓደኛ እጅ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው የሻንሲ ቁጥሩን አብሮ ይላክ፤ 75 እና 78 ከሩቅ ቢመሳሰሉም የመጀመሪያው ፊቱ ባሌስትራ፣ ሁለተኛው ፊቱ ሞላ ነው።

«ለቦሎ አይጠየቅም»

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ፍሬን፣ መሪና መብራት የምርመራው ዋና ነገሮች ናቸው፤ በዘፈቀደ የተሠራ ሊፍት ከላይ እንዳየነው የሚያበላሸው ሦስቱንም ነው። ለውጡ ከመደረጉ በፊት የከተማውን የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን መጠየቅ፣ የተገዛውን ዕቃ ደረሰኝ መያዝ ይገባል። መድን ሰጪውም ይነገረው። የአደጋን ዕድል የሚጨምር ለውጥ ሳይነገር ቀርቶ አደጋ ቢደርስ የካሣው ጥያቄ ክርክር ውስጥ ይገባል።

«ከተገጠመ በኋላ ሥራው አለቀ»

አላለቀም። ሲገጠምም ሆነ ከተገጠመ በኋላ ደንበኛው ቆሞ ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የቦኮላ ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ካረፈ በኋላ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ፣ መኪናው ሲወርድ የቦኮላው ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የታጠፉ ቡሎኖች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይተኩ፤ ተለጥጠዋልና ዳግመኛ በልካቸው አይዙም። ቀጥሎ አላይመንት ይሠራ፣ መብራቱ ይስተካከል። ከጋራዡ እንደወጡ ባዶ ቦታ ፈልገው ከ30 እና ከ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ፍሬኑን ደጋግመው ይሞክሩ፤ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ በዚያው ይመለሱ። ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ደግሞ አዲሱ ሞላ ቦታውን ይይዛል፣ ቡሎኖቹም ይላላሉ፤ እያንዳንዱ ዳዶ እንደገና ይጥበቅ፣ አራቱም ጎማ ከሞዞ እስከ ፓራፋንጎ እንደገና ይለካ፣ ቁጥሩም ከመኪናው መጽሐፍ ጋር ይቀመጥ።